ሱቁ ለሸሪኬ ያለበት ዕዳ

ሸሪኬ በሕይወት እያለ የሱቃችንን ሀብት የምናውቀው በዓይን ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ቆመን ወደ ውስጥ እናያለን። ጆንያው ጣሪያው ጋ ከደረሰ ደህና ነን፤ የጀርባው ግድግዳ ከታየ ደህና አይደለንም። ሌላ ሂሳብ አልነበረንም፤ ያስፈልገናል ብለንም አናውቅም። እኔ የተማርኩት ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ ማስቲካና ሶፍት፣ ቀጥሎ የእጅ ባትሪ እያዞርኩ። እዚያ የሚሰጠው ትምህርት አጭር ነው። ማታ የያዝከው ብር ጠዋት ከያዝከው ከበለጠ አልፈሃል፣ ካነሰ ወድቀሃል። ክፍሉ በደጋሚ የተሞላ ነበር።

ሸሪኬ ከጅማ ወገን የመጣ ሙስሊም ነበር፤ እኔ ከወልቂጤ ወገን የመጣሁ ኦርቶዶክስ። በስም መጠራራት ትተን «ሸሪክ» ነበር የምንባባለው። ከጊዜ ብዛት ሚስቱም እኔን «ሸሪክ» ማለት ጀመረች፣ የገበያውም ሰው ሁለታችንን ሳይለይ እንዲሁ ይጠራን ነበር። አንድ ሰው ከመንገድ ማዶ ከተጣራ ሁለታችንም ቀና እንላለን።

ሥራ ተከፋፍለናል። እኔ ሱቅ እቀመጣለሁ፤ ሳሙና፣ ዘይት፣ ቆርቆሮና ሚስማር እሸጣለሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ደረሰኝ እቆርጣለሁ። እሱ ይዞራል። ሸኮን፣ ቴፒን፣ ጌጫን፣ ማሻን፣ መኪና የማይገባበትን ቀበሌ ሁሉ በእግሩ ያውቀዋል። ቡናና ኮረሪማ የሚገዛው እሱ ነው፤ ያንን ጭኖ የሚልከው፣ ከትልልቅ ነጋዴዎች ጋር በስልክ የሚጨቃጨቀው ደግሞ እኔ።

አገዛዙ እንዲህ ነው። ክረምት ሲገባ የገበሬው እጅ ባዶ ይሆናል። የአምናው ቡና ተሸጦ አልቋል፣ የዘንድሮው ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፉ ላይ ነው። ያኔ ሸሪኬ ቦቲውን አጥልቆ ቀብድ ይዞ ይሄዳል። ለአንዱ የልጅ ደብተር መግዣ፣ ለአንዱ መታከሚያ፣ ለአንዱ የተዝካር ወጪ። ዝናቡ አልፎ ቡናው ተለቅሞ ደርቆ ጀንፈል ሲሆን፣ ገበሬው በወሰደው ቀብድ ልክ ያመጣል። ፊርማ የለም፣ ምስክር የለም። እኔ ሱቅ ቁጭ ብዬ የመሳቢያውን ብር ጫካ ሲበላው አያለሁ።

«ሸሪክ፣ ይሄ ሁሉ ብር የት ነው ያለው?» እለዋለሁ።

«ሰው ጋ» ይለኛል።

መልሱ ይቺው ነች። ሌላ ቃል ከአፉ አውጥቼ አላውቅም።

ባላንስ ሺት የሚባለውን ነገር የሰማነው መኪና ሲያምረን ነው። አሮጌ አይሱዙ የሚሸጥ ሰው ተገኘ። ግማሹ ብር እኛ ጋ አለ፣ ግማሹን ባንክ ሊያግዘን ነው። ሸሪኬ ወለድ ያለበት ብር አይነካም፤ ስለዚህ ከወለድ ነፃ በሆነው መስኮት በኩል ሄድን። እኔ በልቤ ከወለድ ነፃ ከሆነ ከወረቀትም ነፃ ይሆናል ብዬ ነበር። አልሆነም። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ሰውዬ ባላንስ ሺት አምጡ አለን።

ግብር ቢሮው አጠገብ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን፣ አንዲት ከዩኒቨርሲቲው የተመረቀች ልጅ ክፍል ተከራይታ ሂሳብ ትሠራለች። እሷን ቀጠርን። ሱቃችን መጥታ መቁጠር ስትጀምር የቀረ ነገር የለም። ሚስማሩን በኪሎ መዘነች፣ ሳሙናውን በካርቶን ቆጠረች፣ የተበላሸውን ማቀዝቀዣ ሳይቀር ከፍታ አየች። ሸሪኬ «ልጄ፣ እኛንም መዝኚና ጨርሺው» አላት። ሳቀች እንጂ መቁጠሯን አልተወችም።

በመጨረሻ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛልን መጣች። ያ ሁሉ መቆጠር አንድ ገጽ ነው። ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ግራና ቀኝ።

«በግራ ያለው ሱቁ ያለው ነገር ነው» አለች። «በቀኝ ያለው ደግሞ ያ ነገር የማን እንደሆነ ነው።»

በግራ በኩል በእጅና በባንክ ያለው ብር፣ የሱቁ ዕቃ፣ መጋዘን ያለው ቡናና ኮረሪማ፣ መደርደሪያውና ሚዛኑ ተጽፏል። ሸሪኬ ጫካ የበተነውን ቀብድ «ተሰብሳቢ» ብላ አስቀምጣዋለች፤ ልክ ነገ ጠዋት ተሰብስቦ የሚመጣ ይመስል። በቀኝ በኩል ከላይ የሳሙናና የዘይት አከፋፋዩ በዱቤ የሰጠን አለ። ከሱ ሥር፣ እዚያው ረድፍ ላይ፣ «ካፒታል» ይልና የሸሪኬና የኔ ስም፣ እኩል እኩል።

ቁጥሮቹን እዚህ አልጽፋቸውም። ግብር ሰብሳቢም መጽሐፍ ያነባል።

ሸሪኬ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ አነበበና ጣቱን አሳረፈበት። «ልጄ፣ እዚህች ጋ ተሳስተሻል።»

«የቱ ጋ ጋሼ?»

«እኛን ከዕዳ ጋር አሰልፈሽናል። እኛ የማንም ዕዳ የለብንም።»

«ዕዳ ያለባችሁ እናንተ አይደላችሁማ ጋሼ። ሱቁ ነው። ለእናንተ።»

«ሱቁ እኛ ነን እኮ!» አልኩ እኔ።

«አይደላችሁም» አለች።

የሰደበችኝ ነው የመሰለኝ። የገዛ ሱቄ ውስጥ፣ የገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ የገዛ ሻዬን እየጠጣች ሱቁ አንተ አይደለህም ትለኛለች። ወደ ግራ አዙሪልን አልናት። ብሩ ያለን ነገር ነው፣ ያለን ነገር ደግሞ በግራ ነው የሚጻፈው፣ ራስሽ ነሽ ያልሽው። እምቢ አለች። ሁለቱ ጎን እኩል መሆን አለበት አለች። ሸሪኬ «እኩል መሆን ካለበትማ የአከፋፋዩን ዕዳ ሰርዢውና ይቅለል» አላት።

እምቢ ብትልም አልተበገርንም። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን ለጸሐፊው ብር ከፍለን ካፒታላችንን ወደ ግራ አዛወርነው። ግራው ደለበ፣ ቀኙ አንዲት መስመር ብቻ ሆኖ ቀረ። እኛ ደስ አለን፤ ያየ ሁሉ የሚያከብረን ወረቀት ሆነ። የባንኩ ሰውዬ ገና ሲያየው መነጽሩን አወለቀ።

«ይሄን ማን ሠራላችሁ?»

«ራሳችን» አለው ሸሪኬ።

«ያስታውቃል» አለ ሰውዬው።

የልጅቷን ወረቀት ወስደን ነው መኪናው የተገኘው። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን፤ ሰማያዊ ቀለም አስቀባነው፣ ሸሪኬ ሰደቃ አወጣበት። ልጅቷ መኪናውን በግራ፣ የባንኩን ብር በቀኝ ጽፋ አዲስ ወረቀት አመጣችልን። ካፒታል የሚለው ቦታ ያለው ቁጥር ንቅንቅ አላለም። «ሱቁ ተለቀ ጋሼ፣ የናንተ ድርሻ ግን ያው ነው» አለችን። መኪናው ደጃችን ላይ ቆሞ እያብረቀረቀ ይሄን ስትል ቅናት ያዛት እንዴ ብዬ አስቤያለሁ። ወረቀቱን ከጠረጴዛዬ መስታወት ሥር አስገባሁት። እዚያ ሆኖ ሻይ ሲፈስበት ኖረ።

ሸሪኬ የታመመው በክረምት ነው፣ ቀብዱን በትኖ በተመለሰ በሳምንቱ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሆዱ አበጠ። ሆስፒታል ወሰድነው፣ ጅማም ወሰድነው። ጅማ ያለው ሐኪም ወደ ቤቱ መልሱት አለን፤ ሐኪም እንደዚያ ሲል ምን ማለት እንደሆነ የሚያስረዳ አያስፈልግም። በመልስ ጉዞ መኪናው ውስጥ ከጎኑ ተቀምጬ ስለ ሱቁ ሊያወራኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ማን ጋ ስንት እንዳለ፣ ከማን ምን እንደሚቀበል። አላወራኝም። ተኝቶ በመስኮቱ ወደ ዳገቱ እያየ «ሸኮ ላይ ዝናቡ ቆሟል?» ብሎ ጠየቀኝ። «እየቀነሰ ነው» አልኩት። «ቡናውን እንዳያረግፍ» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ አልተነጋገርንም። ቤቱ በገባ በጥቂት ቀን ሞተ።

ሙስሊሞች ሬሳ አያሳድሩም። ሲነጋ የሞተው ሰው ከቀትር በኋላ መቃብር ላይ ነበር። ከእኔ ወገን የመጣነው ጫማችን ጭቃ እያነሳ ከኋላ ቆመናል። ከአጋሮ የመጣው ታላቅ ወንድሙ ሬሳው ሳይሰገድበት በፊት ከሰዉ ፊት ለፊት ወጣና ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ከወንድሜ ዕዳ የሚጠይቅ ሰው ካለ አሁን ይናገር። ወይ እከፍላለሁ፣ ወይ ይቅር ይበለው። ከዕዳ ጋር እንዳይሄድ።»

ይሄን ልማድ አውቀዋለሁ፤ በሌሎችም ቀብር ሰምቼዋለሁ። ያን ቀን ግን የጠሩት የእኔን ሰው ነው። ዝናብ ማካፋት ጀመረ። አንድ ልብስ ሰፊ እጁን አነሳ። «የሱሪ ማሳጠሪያ ነበረችኝ» አለ፤ ደግሞ የተናገረው አሳፈረውና «ትቼለታለሁ፣ ለአላህ ብዬ» አለ። ሌላ የለም። ዕድሜውን ሙሉ ብር ሲያበድር የኖረ ሰው፣ የተገኘበት ዕዳ የአንዲት ሱሪ ጠርዝ ነው።

ወንድምየው ሊመለስ ሲል አንድ ነገር ከነከነኝ። ያለበትን ጠየቁ። ለእሱ ዕዳ ያለበትን የጠየቀ የለም። እኔ እዚህ ቆሜያለሁ፤ ሱቁ እዚያ ገበያው መሀል ቆሟል፤ መደርደሪያው ሙሉ ነው፤ ዕቃው የማን ነው? ያቺ ልጅ የነገረችን ይሄንን ነበር። ሱቁ እኔ አይደለሁም። ሱቁ እሱም አልነበረም፤ ይኸው እሱ እዚህ በከፈን ተጠቅልሎ ተኝቷል፣ ሱቁ ግን አልሞተም። ያለውን ሁሉ አስገብቶበት ሳያወጣ ሄደ። ያስገባው ነገር ዕዳ ነው፤ ሱቁ የሚከፍለው ዕዳ። ልጅቷ ከአከፋፋዩ ሥር ያሰለፈችው ለዚህ ነው።

እጄን አነሳሁ። ወንድምየው አየኝና ፊቱ ከሰል መሰለ። ሸሪኩ ነው፣ ብዙ ነው የሚጠይቀው ብሎ ማሰቡ ነው።

«ስንት ነው?» አለኝ።

«እኔ የምጠይቀው የለኝም» አልኩ። «ለእሱ ነው ያለው። ሱቁ ዕዳ አለበት።»

ሰዉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው ሼህ ቀስ ብለው «ይሄ ሌላ ቀን ይደርሳል ልጄ» አሉኝ። እጄን አወረድኩ። ተሰገደበት፣ ተቀበረ።

ሌላ ቀን መጣ፤ ከሰደቃው በኋላ፣ እሱ ቤት። ወንድምየው፣ ሼሁ፣ ከእኔ ወገን የዕድራችን ዳኛ፣ እኔ። ሚስቱ ከውስጠኛው ክፍል በር አጠገብ ነጠላዋን ሸፍና ተቀመጠች፤ ባሏ የሞተባት ሴት ወራቷ እስኪያልቅ ከቤት አትወጣም። ልጆቿ ገና ተማሪዎች ናቸው፣ ቤቱ ኪራይ ነው፣ ከሱቁ ሌላ የሚገባ ገቢ የላቸውም። እኔ ደግሞ አንድ ነገር እፈራለሁ። ግማሹን ቁጠርና አምጣ ካሉኝ መኪናውንም መጋዘኑንም ሸጬ አልጨርሰውም፤ ሱቁ ይዘጋል። የእነሱም የእኔም ቤት የሚበላው ከዚያች ሱቅ ነው፤ ያን ቀን የሚወሰነው እንዴት አድርገን እንደምንካፈላትና ከተካፈልናት በኋላ ትኖር እንደሆነ ነው።

ልጅቷ ሸሪኬ የሞተበትን ቀን ይዛ አዲስ ወረቀት ሠርታልኛለች። ምንጣፉ ላይ ዘረጋሁት። ወንድምየው በግራ በኩል ከታች ያለውን ድምር በጣቱ ነካ።

«ይሄ ጠቅላላው ነው?»

«ነው።»

«በሉ፣ ግማሹ የእኛ ነው።»

«አይደለም» አልኩ።

«በላዩ ባንክ አለ፣ አከፋፋይ አለ» አልኩ። «መጀመሪያ እነሱ ናቸው።»

«መኪናው እናንተ ደጅ አይደል እንዴ የቆመው?»

«ደጁ የእኛ ነው። የመኪናው ግማሽ ግን የባንኩ ነው።»

ወንድምየው ሳቀ፣ ሳቁ ግን የደስታ አይደለም። «አይ ነጋዴ! ወንድሜ ቆሞ ሲሄድ ሀብታሞች ነበራችሁ። እሱ ሲተኛ ባለዕዳ ሆናችሁ?»

አልፈረድኩበትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን የምለው ይሄንኑ ነው፤ እንዲያውም አሳምሬ ነበር የምለው። በራሴ ወረቀት ሳልታለል በፊት ሀብት ማለት የሚታየው ነገር ነበር። ምን ብዬ ላስረዳው? ግራና ቀኝ እያልኩ ብጀምር እያጭበረበርኩት ነው የሚመስለው፤ ነጋዴ አስረዳለሁ ሲል ማንም ኪሱን ነው የሚይዘው።

«ሸሪክ፣ ወረቀቱን እስቲ» አለች ሚስቱ።

ወንድምየው አቀበላት። ወደ መስኮቱ ዞራ ብዙ አየችው።

«የእሱ ስም የቱ ጋ ነው?»

«በቀኝ፣ ከታች።»

«ምነው ከዕዳዎቹ ጋር አደረጋችሁት?»

ያቺው ጥያቄ ናት። እኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ የሮጥንባት። «ሱቁ ለእሱ ያለበት ስለሆነ ነው» አልኳት። «አሁን ደግሞ ለእናንተ።»

«ቀብር ላይ እጅህን አነሳህ ያሉኝ ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ጣቷን ከስሙ ወደ ላይ አስኬደች። «ከእሱ በላይ ያሉት ሳይከፈሉ እሱ አይከፈልም ማለት ነዋ።»

«እንደዛ ነው።»

ሼሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄማ የእኛም ሕግ ነው» አሉ ወደ ወንድምየው ዞረው። «ዕዳ ሳይከፈል ውርስ የለም። አንተስ ቀብር ላይ የጠየቅከው ምን ነበር?»

ወንድምየው የግማሹን ነገር ተወው። እኔ ትንፋሼን ለቀቅኩ፤ ቶሎ መልቀቄ ነው ጥፋቴ፤ ሴትዮዋ አልጨረሰችም።

«ኮረሪማው የተጻፈው በተገዛበት ነው ወይስ በዛሬ ዋጋ?»

ባሏ እየበላ ዋጋ ያወራ ነበር፤ ለካ እሷ ታዳምጠው ነበር። «በተገዛበት» አልኩ። «ዛሬ ይበልጣል።»

«በዛሬ ይሁን።»

«በዛሬ ይሁን» አልኩ። የዕድራችን ዳኛ በክርኑ ነካኝ፤ ለእኔ ማዘኑ ነው።

አንድ መስመር ቀረን። ወንድምየው ወረቀቱን ተቀብሏት «ይሄ ተሰብሳቢ ምንድን ነው?» አለ።

«ቀብድ ነው። ገበሬዎች ጋ ያለ።»

«እነማን ጋ?»

አፌን ከፈትኩና ያለኝ መልስ የሟቹ ብቻ ሆነ። «ሰው ጋ» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። እኔም የገዛ ድምፄ እንግዳ ሆነብኝ። እንደምንም ራሴን ሰብስቤ ቀጠልኩ፤ ከሰውዬው ጋር የተቀበረ ብር ነው፣ ልጅቷም አጠራጣሪ ነው ብላኛለች፣ ጉዳቱን እኩል እንካፈል፣ የመጣውን እኩል እንካፈላለን አልኩ። ከልቤ ነበር ያልኩት። ወንድምየውም በዚህ ተስማማ።

«ቀብዱን ሙሉውን ከእኔ ድርሻ ላይ አድርጉት» አለች ሚስቱ።

«አብደሻል?» አላት ወንድምየው። «ጥሬ ብር ትተሽ ጭስ ልትታቀፊ ነው?»

«ሰዎቹ ለገበያ ሲመጡ የሚያድሩት እዚህ ወለል ላይ ነው። የማን ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ሳይቀር አውቃለሁ። ማን ምን እንደወሰደ እሱ ጋደም ሲል አንድ በአንድ ይነግረኝ ነበር። እንቅልፍ እስኪወስደው ነበር የሚቆጥራቸው።» ደግሞ «እኔ ሳልተኛ ነበር የምሰማው» አለች።

በዚህ ተጨረሰ። ቀብዱ በሙሉ ዋጋው ከድርሻዋ ላይ ታሰበላት። የጎደለውን መኪናውን ሸጬ ልሞላ ተስማማሁ፤ ከሽያጩ ባንኩ የቀረውን ወሰደ፣ የተረፈው ለእሷ ሆነ። ሰማያዊው አይሱዙ አሁን ቴፒ ነው የሚሠራው። አንዳንዴ በሱቁ ፊት ያልፋል፤ ሾፌሩ ክላክስ ያደርግልኛል፣ እኔ እጄን አነሳለሁ። ሱቁና መጋዘኑ ተረፉ። በሐቅ እናውራ ከተባለ ያን ቀን ከዚያ ቤት ስወጣ ጥሩ ነገር ያደረግኩ ያህል ደረቴ ቀለል ብሎ፣ ጥሩ ዋጋም ያገኘሁ ያህል እግሬ ፈጥኖ ነበር። የማይሰበሰብ ዕዳ በሙሉ ዋጋው የሚወስድ ሰው በየቀኑ አይገኝም።

ታኅሣሥ ሲገባ ባጃጆቹ ጀመሩ። ጣሪያቸው ላይ ጆንያ የታሰረባቸው ባጃጆች ከሸኮ መንገድ እየመጡ ሱቄን አልፈው ይሄዳሉ። ከውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች በመልክ አውቃቸዋለሁ፤ ከሸሪኬ ጋር መጥተው ከእኔ ሳሙና ገዝተዋል። አንዱን አስቆምኩት።

«ወዴት ነው አባቴ?»

«ሸሪክ ቤት» አለኝ፣ በአማርኛው ላይ የሸኮ ቋንቋው እየተጫነው።

«ሸሪክ እኮ እኔ ነኝ።»

«አንተማ አለህ» አለኝ፣ በደግነት። «የሟች ቤት ነው። ቀብድ አለብኝ።» ትከሻዬን ጨበጥ አድርጎ ሄደ።

አንዱም አልቀረም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ምናልባት የቀረ ይኖራል፣ አላውቅም። እኔ ያየሁት የሚያልፈውን ነው። ደግሞ ቀብዱን አስረክበው ባዶ እጃቸውን አልተመለሱም፤ የቀረውንም ቡና፣ የቀረውንም ኮረሪማ ለእሷ ሸጡ። ወራቷ ሲያልቅ ፈቃድ በስሟ አወጣች፣ ግቢዋ ውስጥ ቆርቆሮ ዳስ ሠራች፣ ሚዛን ሰቀለች። በቀጣዩ ክረምት ቀብድ ይዛ ሸኮ የወረደችው ራሷ ናት አሉኝ፤ በባሏ ቦቲ።

ወረቀቱን ይዤ ልጅቷ ጋ ሄድኩ። «ይሄ የት ጋ ነበር የተጻፈው?» አልኳት።

«የቱ ጋሼ?»

«ሰዎቹ። ቀብዱን ስሰጥ ሰዎቹም አብረው ሄዱ።»

አሰበች። «አይጻፍም ጋሼ። የተገዛ ነገር ካልሆነ ዋጋ አይወጣለትም፣ ዋጋ ካልወጣለት አይጻፍም።»

በባዶ እጄ ተመለስኩ። ሱቅ ገብቼ መጋዘኑ በር ላይ ቆምኩ፤ የጀርባው ግድግዳ ይታያል። እዚያ ቆሜ ሸሪኬን ነው ያሰብኩት። ሚስቱ አጭበረበረችኝ ማለት አልችልም፤ ያለውን በሙሉ ከፊቴ ዘርግታ ነው የወሰደችው፣ ያውም እኔ ጭስ ነው ብዬ የሰጠኋትን። እሱ ያን ሁሉ ዓመት ጭቃ እየረገጠ ያጠራቀመው ነገር ወደ ልጆቹ ሄደ። መሄድ የነበረበትም ወደዚያ ነበር። ይሄን ለራሴ ለመናገር አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀብኝ።

ዘንድሮ አንድ ደንበኛዬ ብዙ ኮረሪማ ጠየቀኝ። ሌላ ቦታ ዞርኩ፣ አጣሁ። ወደ ሸሪኬ ሚስት ግቢ ሄድኩ። ዳሱ ሥር ተቀምጣ ኮረሪማ ታስለቅማለች፤ ከወገቧ ቀና ሳትል «ሸሪክ፣ መጣህ?» አለችኝ። ዋጋ ነገረችኝ። ጮህኩ። ባሏ በዚህ ዋጋ ሸጦልኝ እንደማያውቅ ነገርኳት።

«እሱ ይወድህ ነበራ» አለች።

ተጨቃጨቅን፣ ተስማማን። ዕቃው ግን ገና ገበሬው ጋ ነው። «ቀብድ ታመጣለህ» አለችኝ።

«እኔ? ቀብድ?»

«ከማን ነው የምትሻለው?»

ብሩን ቆጥሬ ሰጠኋት። ሳትቆጥር ከጉያዋ ከተተችው። ደረሰኝ ትጽፍልኛለች ብዬ እጠብቃለሁ፣ እሷ ኮረሪማዋን ትለቅማለች።

«ደረሰኝስ?» አልኳት።

«እሱ ደረሰኝ ይሰጥ ነበር?»

«አይሰጥም።»

«እና?» ከዚያ ቀና አለች። «ከሞትኩ ቀብሬ ላይ ትናገራለህ። እጅ ማንሳት ታውቅበታለህ።»

«እኔ ብቀድምስ?»

እጇ ቆመ። «እናንተ ጋ ቀብር ላይ ይጠየቃል?»

«አይጠየቅም።»

ኮረሪማውን ከጭኗ ላይ አራገፈች። «እንግዲያው ዛሬውኑ ያቺ ልጅ ጋ ሂድ» አለችኝ። «ወረቀቱ ላይ ታስገባው። በግራ በኩል።»

ባጃጅ ይዤ ሄድኩ። ልጅቷ ልትዘጋ ስትል ደረስኩባት። ነገርኳት፤ ኮምፒውተሯን መልሳ ከፈተችና ተሰብሳቢ ከሚለው ሥር አዲስ መስመር አወጣች።

«ማን ብዬ ልጻፈው ጋሼ?»

«ሸሪክ በይው» አልኳት።